ምዕራፍ ሰባት፦ መሰላል ከመሬቱ ይመረጣል

ጳጉሜ ስትገባ አዲስ አበባ ቤቷን ታጥባለች። ምንጣፍ ወጥቶ ይራገፋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝናብና ጭቃ ሲረጭበት የከረመው መስታወት ዓይን ውስጥ ይገባል። የእንቁጣጣሽ እንግዳ ከመድረሱ በፊት መጥራት አለበት፤ ያልተደረሰበት ደግሞ ለመስቀል ይደረስበታል። ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ተጋድሞ የከረመው መሰላል የሚጎተተው ያን ሰሞን ነው።

እንግዲህ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ በተሠሩት ሰፈሮች፣ መስኮት በብዛት የሚጸዳበት ይህ ሰሞን መሬቱ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የራሰበት ሰሞንም ነው። የከተማዋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ጳጉሜ ላይ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ለስልሷል፣ የግቢው ሣር ጉልበት ደርሷል፣ ፀሐይ የማይነካው የኮብልስቶን ጥግ የድንጋይ ሽበት አውጥቶ ያሟልጫል። መሰላል የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

መሰላል ስንፈልግ አብዛኞቻችን ከመስኮቱ እንጀምራለን። ምን ያህል ከፍ ይላል? ስንት ሜትር ይደርስልናል? መልሱ ሲገኝ ያን የሚያህል እንገዛለን ወይም ከጎረቤት እንዋሳለን። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ለተሠራ ቤት ይህ ብዙም አይከፋ። ቁልቁለት ላይ ለተሠራ ቤት ግን ነገሩ የሚጀመረው ከታች ነው፦ መጀመሪያ እግሩ የሚያርፍበት መሬት፣ ቀጥሎ የሚወጣው ሰው፣ በመጨረሻ መስኮቱ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሰው ይወድቃል። ከሁለት ሜትር ከፍታ በጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ የወደቀ ሰው ሊሞት እንደሚችል ደግሞ ሐኪም መሆን ሳያስፈልግ ይታወቃል።

መሬቱን እንየው። አዲስ አበባ መሃሏ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእንጦጦ ጋራ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ልዩነቱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚወጣ ነው። ከመገናኛና ከሾላ ተነስቶ ወደ የካ ሚካኤል፣ በቀበናና በቤላ በኩል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ጉራራ፣ ወይም በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ የሚወጣ ሰው ዳገቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። በዚህ ተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ ባለቤት ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ዳገቱን ቆርጦ መደልደል፣ ወይ በቁልቁለቱ በኩል የድንጋይ መሠረቱን ማሳደግ። ብዙዎቹ ሁለቱንም ያደርጋሉ። ስለዚህ ከመንገድ ሲያዩት ጂ ፕላስ ዋን የሆነው ቤት፣ በጓሮ ዞረው ሲያዩት ጂ ፕላስ ቱ ያህላል።

በቁጥር እንመልከተው። መሬቱ በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ነው እንበል፤ በየካ ጋራ ሥር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤቱ ከፊት እስከ ጀርባ 10 ሜትር ቢሆን፣ ካልተደለደለ የጀርባው መሬት ከፊቱ 2 ሜትር ከ50 ዝቅ ይላል። በፊት በኩል ከመሬት 4 ሜትር ላይ የነበረው የመኝታ ቤት መስኮት ደፍ በጀርባ በኩል 6 ሜትር ተኩል ላይ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ዓይነት መስኮት፤ የሚፈልገው ግን ሁለት የተለያየ መሰላል ነው። የፊቱን መስኮት በደህና ያጸዳው ሰው ያንኑ መሰላል ተሸክሞ ወደ ጓሮ ይዞራል፤ አጥሮ ሲያገኘው ደግሞ ብሎኬት ይደረድርበታል፣ በርሜል ይገለብጥበታል። ጥፋቱ የተሠራው መሰላሉ ሲቆም አይደለም፤ ቤቱን በዙሪያው ሳይለኩ አንድ መሰላል ይበቃል ሲባል ነው።

ከፍታው ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። የባሰው የጎን ተዳፋት ነው። የተራ መሰላል ሁለት እግሮች ርቀት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ወደ ጎን በሜትር 10 ሴንቲ ብቻ ቢያዘነብል፣ አንደኛው እግር ከሌላው 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አራት ጣት አይሞላም፤ ዓይን አይቶ ያልፈዋል። ነገር ግን መሰላሉ 4 ሜትር ከሆነ ያ 4 ሴንቲ ጫፉ ላይ 40 ሴንቲ ይሆናል። ሰውየው 3 ሜትር ላይ ሲደርስ ከመሃል 30 ሴንቲ ወደ ጎን ሄዷል፤ ከመሃሉ እስከ እግሩ ያለው ደግሞ 20 ሴንቲ ብቻ ነው። ክብደቱ ከታችኛው እግር ውጭ አርፏል። የያዘው የግድግዳው ሰበቃ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ወደዚያው ጎን እጁን ዘርግቶ የመስታወቱን ጥግ ሊደርስበት ቢሞክር፣ መሰላሉ ይሽከረከራል።

በሰፈራችን የተለመደው መፍትሔ ዝቅ ባለው እግር ሥር ድንጋይ ወይም የብሎኬት ስባሪ መክተት ነው። ብሎኬት መሃሉ ባዶ ነው፤ የሰው ክብደት በአንድ የብረት እግር ጫፍ ሲያርፍበት ይሰበራል። ድንጋይ ይንከባለላል። ከዚህ የሚሻለው ተቃራኒው ነው፦ ዝቅ ያለውን እግር ከማሳደግ ይልቅ ከፍ ካለው እግር ሥር አፈሩን በዶማ ቆፍሮ ማስተካከል። ተቆፍሮ የተደለደለ መሬት አይገለበጥም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚጸዳ መስኮት ደግሞ ቦታውን አንዴ አዘጋጅቶ የእግር ማረፊያ ጠፍጣፋ ድንጋይ በኮንክሪት መትከል ይቻላል። ቤት እየሠሩ ያሉ አንባቢዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ከጀርባው መስኮት ሥር 1 ሜትር ስፋት ያለው ደረቅና ደልዳላ መተላለፊያ ማስቀረት ብዙ ሲሚንቶ አይፈጅም፣ ዘመን ሙሉ ግን ያገለግላል።

አሁን ወደ መሰላሉ እንምጣ። በየካ ግቢዎች ውስጥ ዛሬም በብዛት የሚገኘው የባሕር ዛፍ መሰላል ነው። ይህም ታሪክ አለው። አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ከከተሙ በኋላ በዙሪያው የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። ከተማዋን ያቆያት በ1880ዎቹ ዓ.ም ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ የእንጦጦን ጋራ ለበሰው፤ ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ማገር፣ ቋሚ፣ አጣና፣ የፎቅ ግንባታ መወጣጫ፣ የመሰላሏም አካል ከዚያ ይወጣል። በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ከጋራው የሚወርዱት እናቶችና እህቶች ለአንድ መቶ ዓመት ከተማዋን ያሞቁት በዚሁ ዛፍ ነው። ስለዚህ የባሕር ዛፍ መሰላልን እንደ ኋላ ቀር ነገር መናቅ አይገባም። ርካሽ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ይሠራል፣ ሲሰበር ይጠገናል።

ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከእርጥብ አጣና ነው፤ እርጥቡ ሚስማር በቀላሉ ያስገባላ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ግን አብዝቶ ይሸበሸባል፣ ከጫፉም ይሰነጠቃል። መርገጫው በሚስማር የተመታበት ቦታ በትክክል ስንጥቁ የሚጀምርበት ቦታ ነው። በሐምሌ ጠንካራ የነበረው መሰላል በየካቲት ሚስማሩ ሲነካ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ መርገጫዎቹ በቋሚዎቹ ፊት ላይ ብቻ ስለሚመቱ፣ የሰው ክብደት ሙሉ በሙሉ የሚንጠለጠለው በሁለት ሚስማር ነው። እንጨቱ ምንም ቢወፍር ሸክሙን የያዘው ሚስማሩ ነው።

የእንጨት መሰላል የሚያሠራ ሰው አናጢውን ሦስት ነገር ይጠይቀው። አንደኛ፣ አጣናው ተልጦ፣ ጥላ ሥር ቢያንስ ጥቂት ወር የደረቀ ይሁን። ሁለተኛ፣ መርገጫው የሚገባበት ቦታ በቋሚው ላይ ተጎድጉዶ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ሸክሙን እንጨቱ በእንጨት ላይ ይይዘዋል፣ ሚስማሩ ከቦታው እንዳይወጣ ማገጃ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሁለቱን ቋሚዎች በጥቁር ሽቦ ወይም በረጅም ብሎን ወደ ውስጥ ይሰርልኝ ይበል፤ ቋሚዎቹ እንዳይፈነቀሉ። ቀለም እንዳይቀባው ግን ይከልክል። ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። የእንጨት መሰላል ዕድሜው የሚታወቀው በዓይን ስለሆነ ገላው መታየት አለበት። በየዓመቱ ከመውጣት በፊት መሬት ላይ አጋድሞ በእያንዳንዱ መርገጫ ላይ መቆም፣ መወዛወዙንም መፈተሽ ነው። በወደቀበት ቦታ ዝናብ የከረመበት፣ ጫፉ የበሰበሰ መሰላል ለማገዶ ይሰጥ፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው በበያጅ የሚሠራው የብረት መሰላል ነው። በኮተቤ መንገድ ዳርና በሾላ አካባቢ ያሉ የብየዳ ቤቶች ከቱቦላሬ ይሠሩታል። ጠንካራ ነው፣ መርገጫው አይነቀልም፣ ብየዳው ደህና ከሆነ ዘመን ይፈጃል። ለመስኮት ጽዳት ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም ክብደቱ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከ40 በ40 ቱቦላሬ የተሠራ መሰላል ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል ቢሆን እንኳ 23 ኪሎ ያህል ይመዝናል። መስኮት የሚያጸዳ ሰው በአንድ ቤት ላይ መሰላሉን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ያነሳዋል። ከአምስተኛው በኋላ ድካም ይመጣል፤ ድካም ሲመጣ መሰላሉን ከማንሳት ይልቅ ከላይ ሆኖ መንጠራራት ይቀላል። ከባድ መሰላል ሰውን የሚጥለው በመሰበር ሳይሆን ከቦታው ለማንሳት በማስቸገር ነው። የብረት መሰላል ለውሃ ታንከር ማማና ለጣሪያ፣ አንዴ ለሚተከልበት ቦታ ይሁን።

ለሥራው የሚመረጠው አልሙኒየም ነው። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የአልሙኒየም መሰላል ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ሴትም ወንድም ለብቻቸው ያነሱታል። ከውጭ የሚገቡት ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ማንበብ ይገባል። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 131 በመባል ይታወቃል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ ወዲህ መሰላሉ ለሙያ ሥራ ወይም ለቤት አገልግሎት መሆኑ እንዲለይ፣ 150 ኪሎ እንዲችል፣ ከ3 ሜትር በላይ ሆኖ ተደግፎ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የእግሩ ስፋት እንዲጨምር ያዛል። ይህ ሰፊ የእግር ማገር ያለው መሰላል ለየካ ቁልቁለት ትልቅ ዋጋ አለው። በአሜሪካው አመዳደብ የሚመጡት ደግሞ በሮማ ቁጥር ይለያሉ፤ ዓይነት 3 የሚባለው የሚችለው 90 ኪሎ ብቻ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባልዲ ውሃ ይዞ ሲወጣ እዚያው ደርሷል። ከዚህ በላይ ያለውን ይግዙ። ምልክት የሌለውን መሰላል ደግሞ መርገጫውን በሁለት እጅ ጨብጠው ይጠምዝዙት፤ ከቋሚው ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ከተንቀሳቀሰ ይተዉት።

እግሩ ጎማ ይኑረው። ጎማው ባዶ ሴራሚክ ላይ ይይዛል፤ የላርጎ አረፋ በፈሰሰበት ሴራሚክ ላይ ግን ምንም ጎማ አይይዝም። በረንዳ ላይ የሚቆም መሰላል ሥር ደረቅ ጆንያ ይነጠፍ፣ ከተቻለም እግሩ ከበረንዳው ቋሚ ጋር ይታሰር።

አሁን ስለ ቅርጹ። በራሱ የሚቆመው፣ ሁለት ጎን ተከፍቶ የሚዘረጋው እጥፍ መሰላል በቤት ውስጥና በደልዳላ ወለል ላይ ከሁሉ ይበልጣል። መደገፊያ ግድግዳ አይፈልግም፣ መስታወቱንም አይነካም። በተዳፋት ላይ ግን አራት እግሩ አራት የተለያየ ከፍታ ይገጥመዋል፤ አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ይቀራል። ተዘግቶ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ደግሞ ለዚያ አልተሠራምና ይንሸራተታል። በብዙ አገር የፍራፍሬ ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሦስት እግር መሰላል አለ፤ እንደ ጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ሦስቱም እግር መሬት ይነካል። አንድ ፎቅ ላልሞላ፣ እስከ 3 ሜትር ለሚደርስ የጓሮ መስኮት ይህ ቅርጽ ለእንጦጦ ግርጌ የተፈጠረ ይመስለኛል። ሁለቱ የፊት እግሮች ሰፋ ብለው፣ ሦስተኛው በዳገቱ በኩል ተዘርግቶ ይቆማል። እንዲህ ያለውን በደረቅ እንጨት መሥራት ለጥሩ አናጢ ከባድ አይደለም።

ከዚያ በላይ ላለው ከፍታ የሚያስፈልገው ተደግፎ የሚቆም፣ እየተንሸራተተ የሚረዝም ባለ ሁለት ቁራጭ መሰላል ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሂሳቡ ነው። ሁለት 3 ሜትር ቁራጭ 6 ሜትር አይሰጥም፤ ሁለቱ ቢያንስ 3 መርገጫ ያህል መደራረብ ስላለባቸው የሚገኘው 5 ሜትር ቢበዛ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሦስት መርገጫዎች አይረገጡም፤ ለእጅ መያዣ ናቸው።

የጂ ፕላስ ዋንን የፊት መስኮት እናስላ። የመስኮቱ ደፍ 4 ሜትር፣ አናቱ 5 ሜትር ከ30 ላይ ነው። መሰላሉ መስታወቱ ላይ ፈጽሞ አይደገፍም፤ ከደፉ በታች፣ 3 ሜትር ከ80 ላይ ግድግዳውን ይንካ። ትክክለኛው ዘመም ማለት በየ4 ሜትር ከፍታ እግሩ 1 ሜትር ከግድግዳው ሲርቅ ነው፤ ይኸውም 75 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ3 ሜትር ከ80 እግሩ 95 ሴንቲ ይርቃል፣ የመሰላሉ ርዝመትም 4 ሜትር ይበቃዋል። ሰውየው ከላይ አራተኛው መርገጫ ላይ፣ 2 ሜትር ከ90 ገደማ ላይ ይቆማል። እጁ ከእግሩ 2 ሜትር ከፍ ይላል፤ 50 ሴንቲ እጀታ ያለው የመስታወት መጥረጊያ ጎማ ሲጨምር የመስኮቱን አናት ያልፋል። ስለዚህ 5 ሜትር ከ30 ለሚደርስ መስኮት 4 ሜትር መሰላል በቂ ነው። ረጅም መሰላል የተሻለ ደኅንነት አይሰጥም፤ ረዝሞ ተገትሮ የሚቆም፣ ወይም እግሩ ከመጠን በላይ ርቆ የሚንሸራተት ይሆናል። ሜትር የሌለው ሰው በሰውነቱ ይለካ፤ የእግሩን ጣት ከመሰላሉ እግር ጋር አስጠግቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ የተዘረጋው እጁ መዳፍ በትከሻው ትይዩ ያለውን መርገጫ ከነካ ዘመሙ ልክ ነው።

በጓሮ በኩል ወዳለው 6 ሜትር ተኩል ደፍ ስንመለስ ምክሬ አጭር ነው፦ አይውጡበት። እርጥብ ተዳፋት ላይ፣ ያለ ባለሙያ፣ ያን ያህል ከፍታ ላይ ለመስታወት ብሎ መውጣት ከአደጋው ጋር አይመጣጠንም። በዓለም ላይ ያሉ የመስኮት ጽዳት ባለሙያዎች ራሳቸው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከመሰላል ወርደው ወደ ረጅም ዘንግ ዞረዋል፤ ብሪታንያ በ2005 እ.ኤ.አ ባወጣችው የከፍታ ሥራ ደንብ መሠረት አሠሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራው ከመሬት ሆኖ ሊሠራ አይችልም ወይ ተብሎ ነው። የሚረዝም የአልሙኒየም ወይም የፋይበር ዘንግ ጫፉ ላይ ስፖንጅና ጎማ ታስሮበት ከመሬት ይሠራል። የቀለም ቀቢዎች ሮለር የሚያስሩበት ዘንግ በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ አለ፤ ለዚህም ያገለግላል። ተንሸራታች የአልሙኒየም መስኮት ከሆነ ደግሞ ተንሸራታቹን ክፋይ ሁለት ሰው ሆኖ ከሃዲዱ አንስቶ ወደ ውስጥ ማስገባትና መታጠቢያ ቤት ማጠብ ይቻላል። መሰላል አያስፈልግም።

ይህ የማይሆንበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። ብዙ ቤቶች መስኮታቸው ላይ የብረት ፍርግርግ ተበይዶባቸዋል፤ ሌባ ሲከለክል የቤቱን ሰው እጅም ይከለክላል፣ መስታወቱን ከውስጥ ሆኖ በውጭ በኩል ማጽዳት አይቻልም። ወደ ውጭ የሚከፈቱት የብረት መስኮቶች ደግሞ ሌላ አደጋ አላቸው፤ ከውስጥ ያለ ሰው ሳያውቅ ገፋ ሲያደርጋቸው የተደገፈውን መሰላል ይመቱታል። መሰላል ሲቆም መስኮቱ ከውስጥ ይቆለፍ፣ ቤት ውስጥ ላለ ሁሉ ይነገር። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ በመስኮቱ ደፍ ተቀምጦ፣ ጀርባን ወደ ውጭ ሰጥቶ፣ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ መስታወት የመጥረጉ ልማድ ግን በማንኛውም ምክንያት ልክ ሊሆን አይችልም። የቆሸሸ መስታወት ይቆይ።

ስለ መብራት ሽቦ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአዲስ አበባ የመካከለኛ ኃይል መስመር 15,000 ቮልት የሚሸከም ባዶ ሽቦ ነው፤ በጠባብ መንገዶች ላይ ከበረንዳና ከጣሪያ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። አልሙኒየም ቀላል በመሆኑ የተመሰገነውን ያህል ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ገዳይ ነው። አደጋው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው መሰላሉ ላይ እያለ ሳይሆን መሰላሉን አቁሞ ተሸክሞ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲዞር ነው። ሁልጊዜ አጋድመው ይሸከሙት። ከባዶ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ይህ ካልተቻለ በዚያ ጎን የብረትም የአልሙኒየምም መሰላል አይቁም። እንጨት ደረቅ ሲሆን ይከላከላል፤ በክረምት ውሃ የጠጣ እንጨት ግን እንደ ደረቁ አይታመንም። ፋይበርግላስ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ሽቦ በሚያልፍበት ግቢ የሚኖር ሰው ዋጋው ቢወደድም ያስብበት።

መሬቱንና መሰላሉን አየን። የቀረው ሰው ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማስበው ስለዚህ ነው። መሰላሉን የሚገዛው ሰውና መሰላሉ ላይ የሚወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። የምትወጣው የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ወይም ዘበኛው፣ ወይም ለበዓል ሰሞን ከሰፈር የተጠራ የቀን ሠራተኛ። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ በነጠላ ጫማ ወይም በኮንጎ ጫማ፣ በአንድ እጇ ባልዲ ይዛ ትወጣለች። ከላይ ሆና ስታጥብ የሳሙናው ውሃ በመሰላሉ እየተንጠባጠበ መርገጫውን ሁሉ ያርሳል፤ ስትወጣ ደረቅ የነበረው ስትወርድ ያዳልጣል። ከወደቁት ብዙዎቹ የሚወድቁት ሲወርዱ ነው ቢባል አያስገርምም። ባልዲው በገመድ ታስሮ መርገጫ ላይ ይንጠልጠል፤ ሁለት እጅ ለመውጣትና ለመውረድ ነጻ ይሁን። ተረከዝ ያለው፣ ሶሉ ጎማ የሆነ የተዘጋ ጫማ ይኑር፤ በቀሚስ ፋንታ ሱሪ ይለበስ። እምብርት ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል አይውጣ፤ እምብርት ከወጣ መሰላሉን አንስቶ ማስጠጋት ነው። ከታች የሚይዝ ሰው ይቁም።

«እትዬ፣ ይወዛወዛል እኮ» ስትል «ግድ የለም፣ ያዝ አድርጌልሻለሁ» የሚል መልስ ብዙ ቤት ይሰማል። የምትወጣው ሰው የምትፈራበት መሰላል ትክክለኛው መሰላል አይደለም። የፈራ ሰው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ መርገጫውን ሳያይ ይረግጣል። አልወጣም ማለት እንደ ስንፍና መቆጠር የለበትም።

ሕጉም እዚህ ላይ ክፍተት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያዛል። የጽዳት ድርጅት ቀጥሮ የሚልከው ሠራተኛ በዚህ ይሸፈናል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ግን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፣ ከአዋጁ ውጭ ሆኖ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተትቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪዋ ቤት የምትኖር ሠራተኛ ጤንነቷ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያስገድዳል፤ ስለ መሰላል ግን የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለው መሰላል ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን የሚወስነው የግቢው ባለቤት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ አይመጣም።

ጥሩ መሰላል ውድ ነው የሚለውን ቅሬታ እቀበላለሁ። በዓመት ሦስትና አራት ቀን ለሚሠራበት ዕቃ ያን ያህል ማውጣት ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። ግን በየሰፈራችን እድር አለ። እድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ ማንም ብቻውን ለማይገዛው ዕቃ በጋራ ያዋጣል፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ያስቀምጣል፣ ለአባል ያውሳል። የየካ፣ የጉራራ፣ የኮተቤና የፈረንሳይ እድሮች ከዚህ ዕቃ መካከል አንድ የሚረዝም የአልሙኒየም መሰላል፣ እግሩ እንደ መሬቱ ከፍና ዝቅ የሚደረግ፣ አንድ 5 ሜትር ዘንግና አንድ ጥንድ የጎማ ሶል ጫማ እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። ጳጉሜ ከመግባቷ በፊት ያለው የእድር ስብሰባ ለዚህ ጥሩ ቀን ነው፤ በሐምሌው ስብሰባ አንሱት።